«ቀላል» የተባለው ኮራል

የፊዚክስ መምህር ስለ ባሕር እንስሳት መጻፍ ምን አገባው የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። የዶክትሬት ትምህርታችንን በጀርመን አገር በምንከታተልበት ዘመን፣ ከሌዘር ቤተ ሙከራችን ደጃፍ ባለው መተላለፊያ ላይ 200 ሊትር የሚይዝ የጨዋማ ውኃ አኳሪየም ነበረ፤ እኛም በዚያ አኳሪየም ላይ አንድ ጥፋት ፈጽመናል። የጥፋታችን ዓይነት ከመስታወት ገንዳ አልፎ ባሕር የሚያበላሽ መሆኑን የተረዳነው ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባለ ኮራል አኳሪየም በሆቴል አዳራሽ ከምናየው የዓሣ ገንዳ የተለየ ነገር ነው። በውኃው በእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው ይሟሟል፤ ሙቀቱም ክረምት ከበጋ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሊጠበቅ ይገባል። በውስጡ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ይደረደራል፤ ቆሻሻውን የሚያጠሩትም በእነዚያ ቀዳዳዎች የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ከላይ ብርቱ መብራት ይንጠለጠላል፤ ፓምፖች ውኃውን ሌት ተቀን ያንቀሳቅሱታል። በድንጋዩ ላይ የሚቀመጠው ኮራል ተክል ቢመስልም እንስሳ ነው። ይበልጥ በትክክል ለመናገር፣ ፖሊፕ የሚባሉ ባለ ጣት ጥቃቅን እንስሳት ተያይዘው የሚኖሩበት ማኅበር ነው። በብዙዎቹ ሥጋ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ዋቅላሚዎች ተጠግተው ይኖራሉ፤ በብርሃን አስተጻምሮ ከሚያዘጋጁት ስኳርም ለአስጠጊያቸው ያካፍላሉ።

ጠንካራ የሚባሉት ኮራሎች ከካልሲየም ካርቦኔት አጽም ይገነባሉ፤ የባሕር ውስጥ ተራሮችን የሠሩትም እነርሱ ናቸው። ለስላሳዎቹ ኮራሎች እንዲህ ያለ ሕንፃ የላቸውም። በሥጋቸው ውስጥ እንደ አሸዋ የደቀቁ የአጽም ቅንጣቶች ብቻ ተበትነው ይገኛሉ። ለግንባታ የሚያወጡት ወጪ ጥቂት መሆኑ በፍጥነት ለመስፋፋታቸው አንዱ ምክንያት ነው። በአኳሪየም አርቢዎች ዘንድ በዚህ ጠባያቸው የታወቁ ሦስት አሉ። አንደኛው ጣቶቹን እንደ መዳፍ የሚከፍትና የሚጨብጠው ዜኒያ ነው። ሁለተኛው ድንጋይን እንደ ምንጣፍ የሚለብሰው አረንጓዴ ኮከብ ፖሊፕ ሲሆን፣ ሦስተኛው «የኬንያ ዛፍ» የሚል የንግድ ስም የተሰጠው ባለ ቅርንጫፍ ኮራል ነው። በሱቆች የዋጋ ዝርዝር ላይ በሦስቱም ስም አጠገብ አንድ ቃል ይጻፋል፤ «ቀላል»።

ቃሉ እንደ አማርኛችን ሁለት ትርጉም የለውም። ክብደቱን አይናገርም፤ ለጀማሪ ይስማማል፣ አይሞትም ማለቱ ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንከራከረው ይህ ቃል ከሱቅ መደርደሪያ ሊነሣ ይገባዋል ብለን ነው። ቃሉ ስለ ማስገባት ብቻ ይናገራል እንጂ ስለ ማውጣት አንዳች አይናገርምና።

ወደ ጀርመኑ ገንዳ እንመለስ። ባለቤቱ የቤተ ሙከራው አንጋፋ ቴክኒሽያን ነበሩ። አንድ ወዳጃቸው የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል የዜኒያ ቁራጭ ሰጧቸው። እርሳቸውም ከሌላው የድንጋይ ክምር ርቃ በአሸዋው መካከል ብቻዋን በተቀመጠች ትንሽ ድንጋይ ላይ አኖሯት። ለምን እንዲህ ከማኅበር አገለሏት ብለን ስንጠይቃቸው፣ «ኮራል የት ይቀመጥ ተብሎ ብቻ አይጠየቅም፤ የት ላይ ይቆማል ተብሎም ይጠየቃል» አሉን። ቃላቸውን እንደ ሽማግሌ ጨዋታ ቆጠርነው።

በበጋ ለሦስት ሳምንት ዕረፍት ሲወጡ ዓሦቹን እንድንመግብ አደራ ሰጡን። በትልቁ ክምር ላይ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ካሳደጉት መዳፍ ከሚያህል ጠንካራ ኮራል አጠገብ፣ አንድ ባዶ ቦታ ነበረ። ባዶነቱ ዓይናችንን አስቸገረው። ከዜኒያው አንዲት ቅርንጫፍ በመቀስ ቆርጠን በክር አሰርንበት። ያማረ መስሎን ነበር፤ በእርግጥም ለጥቂት ወራት አምሮ ነበር። ቴክኒሽያኑ ተመልሰው ሲያዩት አልተቆጡም። «እንግዲህ ያ ድንጋይ የእርሱ ሆኗል» ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ። ከ14 ወራት በኋላ ጠንካራው ኮራል በዜኒያ ጥላ ሥር ገብቶ ከዳር እስከ ዳር ነጥቶ ነበር።

ዜኒያ ይህን ያህል የሚበረታበትን ምክንያት ከፊሉን የምናገኘው በራሳችን ሙያ ውስጥ ነው። ዜኒያና የቅርብ ዘመዱ ሄቴሮዜኒያ ጣቶቻቸውን ሳያቋርጡ ሊባል በሚችል ሁኔታ ይከፍታሉ፣ ይጨብጣሉ። ለተመልካች ምግብ የሚያጠምዱ ይመስላል፤ ይሁንና ዋናው ቀለባቸው ከዋቅላሚዎቹ የሚመጣ ነው። ታዲያ ይህን ሁሉ ጉልበት ምን ላይ ያውሉታል? በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ በኤላት ሄቴሮዜኒያን ያጠኑ ተመራማሪዎች በ2013 መልሱን አሳተሙ። ሌዘርና ካሜራ ባሕር ውስጥ አስገብተው፣ በውኃው የሚንሳፈፉ ቅንጣቶችን ጉዞ እየተከታተሉ ፍሰቱን ለኩ። የጣቶቹ ምት በፖሊፖቹ መካከል የታመቀውን ውኃ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ አንዱ ፖሊፕ ጎረቤቱ የተጠቀመበትን ውኃ መልሶ እንዳይጠቀም ያደርጋል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በብርሃን አስተጻምሮ የሚመነጨውን ኦክስጅን ጠርጎ ያስወግዳል። ኦክስጅን ከተጠራቀመ ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚይዘው ኤንዛይም ተሳስቶ ኦክስጅንን ስለሚይዝ ሥራው ይደናቀፋል። ተመራማሪዎቹ እንዳሳዩት የምቱ ጥቅም ብርሃን አስተጻምሮውን እስከ ዐሥር እጥፍ ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

ቁጥሩ የተጋነነ ለሚመስለው አንባቢ ትንሽ ስሌት እናቅርብ። ኦክስጅን በረጋ ውኃ ውስጥ በስርገት ብቻ ቢጓዝ አንድ ሚሊ ሜትር ለመራቅ አራት ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። አንድ ሴንቲ ሜትር ለመራቅ ግን አርባ ደቂቃ አይበቃውም፤ ሰባት ሰዓት ያህል ያስፈልገዋል። በስርገት ርቀቱ ዐሥር እጥፍ ሲሆን ጊዜው መቶ እጥፍ ይሆናልና። ሌሎች ኮራሎች ይህን ችግር የሚወጡት በባሕሩ ሞገድ ነው። ዜኒያ ግን የገዛ ፓምፑን ይዞ ይዞራል። አርቢው ውኃውን በደንብ ባያንቀሳቅስ ሌላው ሲዳከም እርሱ አይዳከምም፤ ሱቁ «ቀላል» የሚለውም ይህንኑ ነው።

የመስፋፋቱ ነገር ደግሞ የጂኦሜትሪ ጉዳይ ነው፤ አርቢዎችም ሻጮችም ለዚህ ነጥብ የሚገባውን ያህል ትኩረት የሰጡት አይመስለንም። ሁሉም «ፈጣን» ኮራል ፍጥነቱ አንድ ዓይነት አይደለም። አረንጓዴ ኮከብ ፖሊፕ የሚያድገው በዳሩ ነው፤ ምንጣፉ ከጠርዙ እየተዘረጋ ይሄዳል። ለማስረዳት ያህል፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ራዲየስ ያለው ክብ ምንጣፍ በየወሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ይገፋል እንበል። በዓመቱ ራዲየሱ 14 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱም የመጀመሪያው 49 እጥፍ ይሆናል። ብዙ ነው፤ ግን ይታያል፣ ወሰኑም በአንድ መስመር ላይ ነው። የኬንያ ዛፍ ግን ቅርንጫፎቹን በራሱ ጊዜ ያራግፋል፤ የወደቀው ቅርንጫፍ ውኃው በወሰደው ሥፍራ ተጣብቆ አዲስ ኮራል ይሆናል፤ አዲሱም በተራው ያራግፋል። ቁጥሩ በየወሩ በእጥፍ ቢያድግ በዓመቱ አንዱ 4,096 ይሆናል። 49ን ከ4,096 የሚለየው ብርታት ሳይሆን የመስፋፊያው ሥርዓት ነው። ዜኒያ ደግሞ ሁለቱንም ይችላል፤ በእግሩ እየተንፏቀቀ በድንጋዩ ላይ ይሄዳል፣ ቁራጩም በሄደበት ይተከላል።

ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ነገር ግልጽ ነው። በአሸዋ የተከበበች ብቸኛ ድንጋይ አረንጓዴ ኮከብ ፖሊፕን ታግደዋለች፤ ጠርዙ አሸዋውን ለመሻገር ይቸገራልና። የዳር ድንጋዩ ከሌላ ድንጋይ እንዳይነካካ መጠበቅ፣ ያለፈውንም በየጊዜው መከርከም ይበቃል። ያው አሸዋ ግን የኬንያ ዛፍን አያግደውም። የቴክኒሽያኑ ብቸኛ ድንጋይም ዜኒያውን ያቆየችው እርሳቸው በየሳምንቱ በመቆንጠጫ ይጠብቁት ስለነበረ ጭምር ነው፤ ይህን ያወቅነው ዘግይተን ነው። በእኛ አስተያየት ጀማሪ አርቢ ከሦስቱ አንዱን የግድ ይያዝ ከተባለ አረንጓዴ ኮከብ ፖሊፑን ለብቻው በተቀመጠ ድንጋይ ላይ ይያዝ። ዜኒያንና የኬንያ ዛፍን ሌላ ኮራል በሌለበት ገንዳ ያኑር ወይም ይተዋቸው።

ለማስወገድ የሞከረ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥመዋል። በቢላ የተፋቀ ለስላሳ ኮራል በድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ ከቀረችው ጥቂት ሥጋ ተመልሶ ይበቅላል። ዜኒያ በብዛት ከሞላ በኋላ በድንገት፣ ምክንያቱ በውል ሳይታይ፣ አንድ ጊዜ ፈርሶ የሚጠፋበት ጊዜም እንዳለ አርቢዎች ያውቃሉ። ይህ መገላገል የሚመስለው ተሳስቷል። በ25 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሊትር የባሕር ውኃ ሊይዝ የሚችለው የሟሟ ኦክስጅን 7 ሚሊ ግራም አይሞላም፤ በ200 ሊትር ገንዳ ውስጥ ያለው ኦክስጅን በሙሉ ቢመዘን አንድ ግራም ተኩል አይደርስም ማለት ነው። ገንዳ ሙሉ ሥጋ ሲበሰብስ ያንን በምን ፍጥነት እንደሚጨርሰው አንባቢ ይገምት። በዚህ ላይ ድንጋዩን አውጥቶ በፈላ ውኃ መቀቀል ይበጃል የሚሉ አሉ። ዞዋንቲድ የሚባሉት፣ አዝራር የሚመስሉ የኮራል ዘመዶች ባሉበት ድንጋይ ላይ ይህን ማድረግ ሕይወትን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተባለውን እጅግ ብርቱ መርዝ ይይዛሉ፤ መርዙም ከእንፋሎቱ ጋር ወደ ሳንባ ይገባል። በአላስካ ከ2012 እስከ 2014 በቤቶችና በአኳሪየም ሱቆች ውስጥ በዚህ መርዝ ሳቢያ ሳይሆን አይቀርም የተባለ የመተንፈሻ ሕመም በአሜሪካ የጤና ባለሙያዎች ተመዝግቧል።

እስከዚህ ያልነው ሁሉ የገንዳው ባለቤት ችግር ነው ሊባል ይችላል። ትርፉ የት ይሄዳል የሚለው ጥያቄ ግን የሁላችን ነው። በየወሩ የሚከረከም ኮራል ያለው ሰው በመጀመሪያ ለወዳጆቹ ያድላል፤ ወዳጆቹም ሲሞላባቸው እንቢ ይሉታል። እንስሳ መግደል ደግሞ ይከብዳል። ቤቱ ባሕር አጠገብ ከሆነ «ወደ አገሩ ልመልሰው» የሚል መልካም የሚመስል ሐሳብ ይመጣለታል። ባሕር ሁሉ ግን አገሩ አይደለም።

የዜኒያ ትውልድ አገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። ላማርክ በ1816 ዜኒያ ኡምቤላታ ብሎ የሰየመው ዝርያ የቀይ ባሕር ተወላጅ ነው። ከዚያ በኋላ ጀርመናውያኑ ኤረንበርግና ሄምፕሪሽ ቀይ ባሕርን እየተዘዋወሩ አጠኑ፤ ሄምፕሪሽ በ1825 ምጽዋ ላይ ሕይወቱ አለፈ። ኤረንበርግ የቀይ ባሕርን ኮራሎች የሚመለከት ሥራውን በ1834 አወጣ፤ ከላይ የተናገርንለት የኤላቱ ሄቴሮዜኒያም ለሳይንስ የታወቀው በዚሁ ሥራ ነው። ያው ዜኒያ ኡምቤላታ በ2023 በፖርቶ ሪኮ ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ ተገኘ። ከቀይ ባሕር እስከ ካሪቢያን በራሱ አልዋኘም። ከአኳሪየም እንደ ወጣ ይገመታል።

ከእርሱ የባሰው የቬኔዙዌላው ነው። ኡኖሚያ ስቶሎኒፌራ የተባለ፣ ከዜኒያ ቤተሰብ የሆነ የኢንዶ-ፓስፊክ ለስላሳ ኮራል በ2000ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ከአኳሪየም ንግድ ጋር በተያያዘ ሁኔታ በሞቺማ ብሔራዊ ፓርክ ባሕር ውስጥ ገባ። የመጀመሪያው ሳይንሳዊ ዘገባ የወጣው በ2014 ነው። በእነዚያ ዐሥር ያህል ዓመታት ውስጥ የአገሩን ጠንካራ ኮራሎችና የባሕር ሣር እየሸፈነ ተንሰራፍቶ ነበር። ያው ዝርያ በ2020 በሐዋይ ፐርል ሃርበር ታየ።

ኮራል ባይሆንም፣ የካውለርፓ ዋቅላሚ ታሪክ ለስሌታችን የሚስማሙ ቁጥሮች ስላሉት እናስታውሰዋለን። ይህ የአኳሪየም ጌጥ በ1984 ከሞናኮ የውቅያኖስ ቤተ መዘክር ሥር በባሕሩ ወለል ላይ ሲታይ አንድ ካሬ ሜትር ያህል ነበረ። በ1989 አንድ ሔክታር ሆነ። በአምስት ዓመት ዐሥር ሺህ እጥፍ አደገ ማለት ነው፤ በአማካይ በየአራት ወር ተኩሉ በእጥፍ። በዳር ብቻ አድጎ ቢሆን ኖሮ ጠርዙ በዓመት ዐሥራ አንድ ሜትር መጓዝ ነበረበት። የጀልባ መልሕቅና መረብ ቁራጩን እየበተኑ ብዙ አዳዲስ ማዕከሎች ስለፈጠሩለት ግን እንዲያ መጓዝ አላስፈለገውም። በአንጻሩ በ2000 በካሊፎርኒያ ሁለት ሥፍራዎች ሲታይ ወዲያውኑ በሸራ ተሸፍኖ በክሎሪን ተመታ፤ በ2006 ሙሉ በሙሉ መጥፋቱ ታወጀ። ሚሊዮኖች ዶላር ወጥቶበታል። በሞናኮ የመጀመሪያዋን ካሬ ሜትር ለመንቀል አንድ ጠላቂና አንድ ከረጢት በበቁ ነበር።

ነገሩ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። እምቦጭም ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ በዓለም የተሰራጨው አበባው ስላማረ ነው፤ በ2011 በጣና ላይ መታየቱ ከታወቀ ወዲህ ገበሬው ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ኖሯል። በዋጋ ዝርዝር ላይ ቢጻፍ እምቦጭም «ቀላል» ይባል ነበር።

ሐሳባችንን የሚቃወሙ ሰዎች ሚዛን የሚደፋ ነገር አላቸው። በገንዳ ውስጥ በመቀስ እየተቆረጠ የሚባዛ ኮራል በዱር ባሕር ላይ ያለውን አደን ይቀንሳል ይላሉ፤ እውነት ነው፣ በዚህ ረገድ ዜኒያ ባለውለታ ነው። ለስላሳ ኮራል ከውኃው ውስጥ ትርፍ ንጥረ ነገር ይስባል የሚለው ግን የሚሠራው ባለቤቱ እየከረከመ ሲያወጣው ብቻ ነው። ከሁሉም የከበደብን ሦስተኛው ነው። አንድ ልጅ ሕያው ኮራል ሲተነፍስ በሚመስል ሁኔታ ሲከፈትና ሲዘጋ በመጀመሪያ የሚያየው በዜኒያ ነው፤ እኛም ከሌዘራችን ተነሥተን በዚያ ገንዳ ፊት የቆምነው በእርሱ ምክንያት ነው። ስለዚህ ይከልከል አንልም።

የምንለው ይህ ነው። በሱቁ ዝርዝር ላይ «ቀላል» በሚለው ቃል ፋንታ ኮራሉ በዳር ይሁን በቁራጭ እንደሚስፋፋ ይጻፍ፤ ከድንጋይ ላይ በምን እንደሚነሣም ይጻፍ፤ ሻጩም ትርፉን መልሶ እንዲቀበል ይሁን። የማይቀበል ሻጭ እንስሳውን መሸጥ አልነበረበትም። ከተማሪዎቻችንና ከአንባቢዎቻችን መካከል ዛሬ በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በአሜሪካ ጠረፎች የሚኖሩ ጥቂት አይደሉም። ገንዳ ያላቸው ቢኖሩ የተከረከመውን ኮራል በማቀዝቀዣ አድርቀው ወይም ፀሐይ ላይ አስጥተው ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይጣሉት፤ ባሕር ውስጥም፣ ወደ ባሕር በሚወርድ ቦይ ውስጥም አይጣሉት። ጭካኔ ቢመስልም ርኅራኄው ለሌሎቹ ነው።

የጀርመኑ ቴክኒሽያን በመጨረሻ ክምሩን በሙሉ አፈረሱ። የዜኒያው ድንጋይ በሁለት ሰው እጅ ወጥቶ፣ በማሞቂያው ላይ በጋዜጣ ተዘርግቶ፣ እስኪደርቅ ሳምንት ፈጀ፤ መተላለፊያው ሁሉ የባሕር ሽታ ሸተተ፤ ጥፋቱ የእኛ መሆኑንም ሁሉም ያውቅ ነበር። ሲደርቅ የስድስት ዓመቱ ጠንካራ ኮራል አጽም ከሥሩ ብቅ አለ። አንድ ስባሪ ሰብረው ሰጡን። ዛሬ በቢሮአችን መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ተማሪዎቻችን ጠመኔ ይመስላቸዋል።